ሰው በማይጠብቀው ክፍል ውስጥ ለዓመታት የሚሠራ ሰርቨር፦ ምን ዓይነት ማሽን ልግዛ?

የብቸናው መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

ብቸና ነው የምኖረው፣ አይሲቲ አስተምራለሁ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ኢንተርኔት በማይደርስባቸው ሦስት የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትንንሽ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አቁመናል። ኮሊብሪና ኪዊክስ የሚባሉ ፕሮግራሞችን ነው የጫንነው፣ ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ልጆቹ በክፍሉ ዋይፋይ ገብተው ያነባሉ፣ የሒሳብና የፊዚክስ ቪዲዮ ያያሉ። ይዘቱ ሁሉ ተደምሮ 400 ጊጋ ገደማ ነው። አንድ ላይ የሚገቡት ቢበዛ 30 ልጆች ናቸው።

ሶፍትዌሩ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ማሽኑ ነው። አንዱ ትምህርት ቤት ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ደጋ ላይ ነው። ሁለተኛው ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ቆላው ላይ ነው። ሦስተኛው እዚሁ ወይና ደጋው ላይ ነው። ሦስቱም ጋ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው የለም። እኔ ለመድረስ ግማሽ ቀን በመኪናና በእግር እሄዳለሁ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ጭራሽ የማይደረስበት ሳምንት አለ።

የደጋው ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ የተለገሰን ትልቅ ታወር ሰርቨር ነበር። ጥር ላይ ደህና ሲሠራ ትቼው መጣሁ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ስመለስ ጠፍቶ አገኘሁት። ማብሪያውን ስጫነው ስክሪኑ ላይ ኤፍ1 ተጫኑ ይላል። ተጫንኩ። ተነሣ፣ ሠራ። ምንም የተበላሸ ነገር የለውም። ርዕሰ መምህሩ «መብራት ሲረጋ ይመለሳል ብለን ስንጠብቅ ነበር» አሉኝ። የ12ኛ ክፍል ልጆች ለፈተና በሚዘጋጁበት ጊዜ አንድ ቁልፍ የሚጫን ሰው ጠፍቶ ሁለት ወር ሙሉ ክፍሉ ተዘግቶ ከረመ። ይሄ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል።

አሁን ለሦስቱም የሚሆን ማሽን ለመግዛት ትንሽ ገንዘብ ሰብስበናል፣ ግን ለአዲስ ዕቃ አይበቃም። ያገለገለ እውነተኛ ሰርቨር ልግዛ? ሚኒ ፒሲ (ትንሿን የቢሮ ኮምፒውተር)? ራስበሪ ፓይ (በአንድ ሰሌዳ ላይ የተሠራችውን ኮምፒውተር)? በእጃችሁ ያለፈውን ንገሩኝ።

ጥገና ባሕር ዳር፦

መምህር፣ ያጋጠመህን ነገር እኔ በዓመት ብዙ ጊዜ አየዋለሁ። ማሽኑ አልተበላሸም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ናት ያለቀችው። ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ማሽኑ ሶኬት ላይ ሆኖ መብራት እስካለ ድረስ ሰዓቱን የሚይዘው ከሶኬቱ የሚመጣው ኃይል ነው። እሷ ሥራ የምትጀምረው መብራት ሲጠፋ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ መብራት ብዙ ስለሚጠፋ ቶሎ ትደክማለች። ካለቀች በኋላ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑና ሰዓቱ ይጠፋል፣ በአንዳንዱ ማሽን የባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ቅንብርም አብሮ ይሄዳል። መብራት ሲመለስ ማሽኑ ቀኑን አጥቶ ኤፍ1 ተጫኑልኝ ብሎ ይቆማል። የሚጫን ሰው ካልመጣ ዓመትም ይቆማል።

ስለዚህ ምርጫህን ከዚህ ጀምር። ፕሮሰሰሩ ስንት ኮር አለው ብለህ አትጀምር። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማንም ሳይነካው በራሱ ይነሣል ወይ ብለህ ጀምር። ለ30 ልጅ ቪዲዮ ማሳየት ያለፉት አሥር ዓመታት ማሽን ሁሉ ይችለዋል። በራሱ መነሣቱን ግን ሁሉም አይችለውም።

እኔ ብሆን ያገለገለ የቢሮ ሚኒ ፒሲ ነው የምገዛው። ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ኤሊትዴስክ ሚኒ፣ ቲንክሴንተር ታይኒ የሚባሉትን ማለቴ ነው። መርካቶም ባሕር ዳርም ይገኛሉ። እነዚህ ለትልልቅ ድርጅቶች ተብለው የተሠሩ ስለሆኑ ባዮሳቸው ውስጥ መብራት ሲመለስ ምን ይሁን የሚል ምርጫ አለ። ዴል ላይ ኤሲ ሪከቨሪ ይላል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ላይ አፍተር ፓወር ሎስ ይላል። ሦስት አማራጭ ታገኛለህ፦ ጠፍቶ ይቆይ፣ የነበረበት ይመለስ፣ ይነሣ። «ይነሣ» የሚለውን ምረጥ። «የነበረበት ይመለስ» ያታልላል፣ ማሽኑ በሥርዓት ተዘግቶ ከነበረ መብራት ሲመጣም ተዘግቶ ይቆያል። አንዳንድ ርካሽ ማሽን ላይ ይህ ምርጫ ከነጭራሹ የለም። ከመግዛትህ በፊት ባዮሱን አስከፍተህ በዓይንህ እይ፣ ሻጩ «አለው» ስላለህ ብቻ አትውሰድ።

ከገዛህ በኋላ የመጀመሪያ ሥራህ ያችን ባትሪ በአዲስ መቀየር ነው። ከዚያ ኪቦርድ፣ ማውስና ስክሪን ሁሉንም ንቀል። ገመዱን ከሶኬት ነቅለህ አንድ ሌሊት አሳድረው። ጠዋት ሰካው። ምንም ሳትነካ ዋይፋዩ ላይ ገጹ ከተከፈተልህ ወደ ገጠር ይሂድ። ኪቦርድ ሲያጣ የሚቆም ማሽንም ስላለ ነው ንቀል ያልኩህ። በአንድ ጊዜ አትመን፣ አሥር ጊዜ ነቅለህ ሰካው።

ከዳንግላ፦

ባትሪዋን በተመለከተ ልክ ነው። በሚኒ ፒሲው ግን አልስማማም። ለዓመታት ሰው ሳያየው የሚሠራ ዕቃ ከተባለ የሰርቨር ዕቃ ያስፈልጋል። ምክንያቴ ራሙ ነው፣ ማለትም ማሽኑ ሲሠራ መረጃውን ለጊዜው የሚይዝበት ካርድ። ጉግል በራሱ ሰርቨሮች ላይ ያስጠናውና በ2009 የታተመ ጥናት አለ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት የራም ካርዶች ቢያንስ አንድ ስሕተት አሳይተዋል። ኢሲሲ ራም እንዲህ ያለውን ስሕተት አይቶ ያርማል። ተራ ራም ግን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። አንዲት የተገለበጠች ቢት ማሽኑን ልታቆመው ትችላለች፣ ሲብስ ደግሞ የተሳሳተ ነገር ዲስክ ላይ ትጽፋለች። ማንም አያውቅም።

እኔ የአንድ ማኅበር ሒሳብ የሚያዝበትን ሰርቨር ነው የማስተዳድረው። ያገለገለ ኤችፒ ዜድ240 ከዚዮን ፕሮሰሰርና ከኢሲሲ ራም ጋር ገዝቼ ነው ያቆምኩት። ቀን ከሌት ይሠራል። ዋጋው ከሚኒ ፒሲ ይበልጣል፣ ግን ሌሊት ተኝቼ አድራለሁ። ሁለት ፓወር ሰፕላይ ያለው ቢሆንማ ደግሞ አንዱ ቢሞት ሌላው ይሸከመዋል።

ጥገና ባሕር ዳር፦

ወንድሜ ዳንግላ፣ ለሒሳብ ከሆነ ያልከው በሙሉ ልክ ነው። የማኅበር ገንዘብ የሚጻፍበት ማሽን ላይ እኔም ኢሲሲ ነው የምለው። የመምህሩ ሥራ ግን ሌላ ነው። የሱ ሰርቨር የሚያነብ እንጂ የሚጽፍ አይደለም ማለት ይቻላል። ይዘቱ በሙሉ ብቸና ቅጂ አለው። አንድ ቪዲዮ ቢበላሽ እንደገና ይገለበጣል።

ሁለት ፓወር ሰፕላይ ያልከው ደግሞ እዚያ አይጠቅመውም። ሁለቱም የሚሰኩት አንድ ቆጣሪ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁለቱም እኩል ይጠፋሉ። ሁለት የተለያየ መስመር ባለበት ዳታ ሴንተር ነው ትርጉም ያለው።

ትልቁ ነገር ግን የሚበላው ኮረንቲ ነው። የቆየ ሰርቨር ሥራ ሳይኖርበት እንኳ 100 ዋትና ከዚያ በላይ ይበላል። ሚኒ ፒሲው ሥራ ሲፈታ 10 ዋት ገደማ ነው። 10 ዋት በ24 ሰዓት 240 ዋት ሰዓት ነው። 100 ዋት 2,400 ነው። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ማደር ሲመጣ ይሄ ልዩነት ሁሉን ነገር ይወስናል። ዩፒኤሱም (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ከባትሪ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን)፣ ባትሪውም፣ ሶላሩም አሥር እጥፍ ይሆንብሃል።

ለአንድ ትልቅ ማሽን የሚወጣውን ገንዘብ ለሁለት አንድ ዓይነት ትንንሽ ማሽኖች አውለው። እንዲያውም መምህር፣ ለሦስቱ ትምህርት ቤት ሦስት ሳይሆን አራት ግዛ። አራቱም ሞዴላቸው አንድ ይሁን። ራሙ፣ ቻርጀሩ፣ ዲስኩ ሁሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ይገባል። አራተኛው ተዘጋጅቶ ቤትህ ይቀመጥ። አንዱ ቢሞት ማሽን ለማሽን ቀይረህ ትመጣለህ፣ ጥገናው ብቸና ላይ ይሆናል። ገጠር ላይ ቁጭ ብሎ ሰርቨር መጠገን ቀኑ ይመሻል፣ መኪናውም ያመልጣል።

ሊኑክስ ደብረ ማርቆስ፦

መምህር፣ ከተማሪዎችዎ እንደ አንዱ ይቁጠሩኝና እኔም ትንሽ ልጨምር። ስለ ዲስኩ ማንም አላነሣም።

ከዕቃዎቹ ሁሉ መጀመሪያ የሚሞቱት የሚንቀሳቀሱት ናቸው፣ ማለትም ሃርድ ዲስክና ፋን። ስለዚህ ሃርድ ዲስክ ይተዉት፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የሌለውን ዲስክ፣ ኤስኤስዲ ይግዙ። ግን ማንኛውም ኤስኤስዲ አይሁን። ተራው ኤስኤስዲ እየጻፈ ባለበት ድንገት መብራት ሲጠፋበት የጀመረውን ሳይጨርስ ይቀራል። አንዳንዱ አዲሱን ብቻ ሳይሆን የቀድሞውንም ያጣል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይታይም። ለሰርቨር የሚሠሩት ውስጣቸው ትንንሽ ካፓሲተር አለ፣ መብራት ሲሄድ በዚያች ጥቂት ኃይል የያዙትን ጽፈው ይጨርሳሉ። ሳምሰንግ ፒኤም883፣ ኢንቴል ኤስ4510 እንዲህ ያሉ ናቸው። ከሰርቨር የወጡ ያገለገሉ ይገኛሉ። ያገለገለ ሲገዙ ስማርት የሚባለውን የዲስኩን የራሱን መዝገብ ያንብቡ። ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ምን ያህል እንደተጻፈበት፣ ስንት ቦታው ተበላሽቶ እንደተተካ ይነግርዎታል። አምስተኛው ቁጥር ላይ የተተኩ ቦታዎች ካሉና በየቀኑ የሚጨምር ከሆነ አይውሰዱት።

ራምን በተመለከተ ዳንግላ ያሉት ስጋት እውነት ነው። ኢሲሲ ባይኖርም ማድረግ የሚቻለው ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት የሚባል ፕሮግራም አንድ ሙሉ ቀን ማስሮጥ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ካልቻሉ በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ እንዲችሉ ከሻጩ ጋር ይነጋገሩ። ደካማ ራም አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ይያዛል።

ሁለተኛው ዋችዶግ ነው። ብዙ ሰው አይጠቀምበትም፣ እኔ ግን ሰው በሌለበት ማሽን ላይ ከእሱ የሚበልጥ ነገር አላውቅም። ሃርድዌሩ ውስጥ ያለ ቆጣሪ ነው። ሲስተሙ በየጥቂት ሰከንዱ «አለሁ» ይለዋል። ሲስተሙ ሃንግ አድርጎ «አለሁ» ማለት ካቆመ ቆጣሪው ዜሮ ይደርስና ማሽኑን በኃይል ሪስታርት ያደርገዋል። ኢንቴል ቺፕሴት ያላቸው የቢሮ ማሽኖች በአብዛኛው አላቸው፣ ራስበሪ ፓይም አለው። ሊኑክሱ ላይ በአንድ መስመር ይከፈታል። ሲገዙ መኖሩን ያረጋግጡ።

ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ከጫኑ ደግሞ ሲስተሙን የሚያስነሣውን ግረብን ይዩት። መብራት ሳይታሰብ ከጠፋ በኋላ ሲነሣ ሜኑውን አውጥቶ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። ያንን ወደ ጥቂት ሰከንድ ያውርዱት። ሲነሣ ኔትወርክ ወይም ፍላሽ እስኪገኝ እንዳይጠብቅም ያድርጉ። እኔ አንድ ጊዜ ተነቅሎ የቀረ ፍላሽ እየጠበቀ ቆሞ የቀረ ማሽን ፈልጌ እስከ ደምበጫ ሄጃለሁ።

የብቸናው መምህር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ብዙ ተማርኩ። ራስበሪ ፓይን ግን ማንም አላነሣልኝም። አንድ ጓደኛዬ ፓይ 4 ሊሰጠኝ ይችላል። ኮረንቲ የሚበላውም ትንሽ ነው። እና ደግሞ የቆላው ሙቀትና የደጋው ከፍታ ነገር ያሳስበኛል። ለማሽን ልዩነት አለው?

ሊኑክስ ደብረ ማርቆስ፦

ፓይ ጥሩ ነው፣ የሚጎዳው ሚሞሪ ካርዱ ነው። መብራት ሲመላለስ ካርዱ ይበላሻል። ፓይ 4 ከዩኤስቢ ኤስኤስዲ ቡት ማድረግ ስለሚችል ካርዱን ጭራሽ ይተዉት። ሌላው፣ ፓይ 4 የራሱ ሰዓት የለውም። ኢንተርኔት በሌለበት መብራት ሲጠፋ ቀኑ ወደ ኋላ ይቀራል፣ የልጆቹ የጥናት መዝገብም በተሳሳተ ቀን ይጻፋል። ትንሽ የሰዓት ሰሌዳ ከባትሪ ጋር ተገዝቶ ይሰካለታል። በ2023 የወጣው ፓይ 5 ሰዓቱ ውስጡ አለ፣ ባትሪዋን ብቻ ነው የሚፈልገው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ግን አይሰስቱ። በስልክ ቻርጀር የሚሠራ ፓይ ቮልቱ ዝቅ ባለ ቁጥር ይደናበራል።

ለ30 ልጅ ቪዲዮ ከሆነ እኔ ሚኒ ፒሲውን እመርጣለሁ። ፓዩን ለመለማመጃ ይውሰዱት።

ደጀን ላይ ያለሁ፦

ስለ ከፍታና ስለ ሙቀት እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም ከዚህ ቁልቁል ወደ ዓባይ ስንወርድና ስንወጣ ነው የምንኖረው።

ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ብዙ ሙቀት አያነሣም። ብርድ ስለሆነ ማሽኑ አይሞቅም ብለን እናስባለን፣ ፋኑ ግን የሚገፋው አየር ያነሰ ነው። ብዙ የሰርቨር አምራቾች ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቅዱት የክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀንሳሉ። 35 ዲግሪ ድረስ ይሠራል የተባለ ማሽን 2,400 ሜትር ላይ 30 ነው ማለት ነው። ደጋው ላይ ይሄ አያስቸግርም፣ ብርዱ ራሱ ይረዳል። ሃርድ ዲስክ ግን ሌላ ነው። የተለመደው ሃርድ ዲስክ ጭንቅላቱ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ላይ እስከ 3,048 ሜትር ብቻ የሚል ገደብ የተጻፈው። ጮቄ ራሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከሥሩ ያሉት ቀበሌዎችም ቀላል ከፍታ ላይ አይደሉም። ስለዚህ ለደጋው ኤስኤስዲ የግድ ነው በለው።

ቆላው ላይ ጠላትህ ባትሪው ነው። የሊድ ባትሪ በ25 ዲግሪ የሚኖረውን ዕድሜ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ማሽኑ ሙቀቱን ቢችለው እንኳ የዩፒኤሱ ባትሪ ቶሎ ያልቃል። ማሽኑን ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ከፍ አድርገህ እንዳትሰቅለው። ሙቀቱ እዚያ ነው የሚከማቸው። በደረት ቁመት፣ ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ ላይ አድርገው። በብሎክ የተሠራ ክፍል ከሌለ የጭቃ ግድግዳ ያለው ክፍል ምረጥ፣ ቀን ቀን ቀዝቀዝ ይላል።

አይጥን አትርሳ። ማሽን ሙቀት አለው፣ አይጥ ደግሞ ሙቀት ትወዳለች። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የስዊች ሳጥን ስከፍት ከነልጆቿ ተኝታ አግኝቻለሁ፣ የኔትወርኩን ገመድ ሁሉ ቀርጥማዋለች። እዚሁ ብረት ቤት ሳጥን አስበይድ። ከታችና ከላይ አየር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይኑረው፣ ቀዳዳው ላይ ጠንካራ ወንፊት ሽቦ ይበየድበት። ሳጥኑ ሰፋ ይበል። የጠመኔው ብናኝ እንዳይገባ ከጥቁር ሰሌዳው ራቅ አድርገው። ፋን የሌለው ሚኒ ፒሲ ካገኘህ፣ ለምሳሌ ኢንቴል ኤን100 ያለበት፣ ለአቧራማ ቦታ እሱ ይሻላል። ፕሮሰሰሩ 6 ዋት ነው፣ ፋን ሳይኖረው በብረት አካሉ ብቻ ይቀዘቅዛል።

የቡሬዋ፦

ሰላም። ሶላርና ባትሪ ነው የምገጥመው። ወንድሞቼ ስለ ማሽኑ ብዙ ብላችኋል፣ እኔ ስለ መብራቱ ልበል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ ነውና።

ዩፒኤስ ስትገዛ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይሄን ነው፦ ባትሪው ሙሉ በሙሉ አልቆ ከጠፋ በኋላ መብራት ሲመጣ ማብሪያውን ሳልነካ በራሱ ይነሣል? ብዙ ርካሽ ዩፒኤሶች አይነሡም። ቁልፍ የሚጫን ሰው ይፈልጋሉ። እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይ የለፋህበት ሁሉ ከንቱ ነው። ሱቅ ውስጥ ሞክሪልኝ፣ ሞክርልኝ በል። አምፖል ሰክተህ እስኪያልቅ ጠብቅ፣ ከዚያ መብራቱን መልስ።

ሌላም ወጥመድ አለ፣ ይሄን ጎበዝ ባለሙያዎችም ይስቱታል። ዩፒኤሱን በዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር አገናኝተህ ባትሪ ሲያልቅ በሥርዓት ተዘጋ ብለህ አዘዝከው እንበል። ሰርቨሩ መዘጋት ጀመረ። ልክ በዚያች ደቂቃ መብራት መጣ። ዩፒኤሱ አልጠፋም፣ ኮምፒውተሩም ከሶኬቱ ኃይል አልተቋረጠበትም። ሰርቨሩ ተዘግቷል፣ ነገር ግን «መብራት ሄዶ መጣ» የሚለውን ምልክት አላየም። ስለዚህ አይነሣም። መፍትሔው ሰርቨሩ ሲዘጋ ለዩፒኤሱም «አንተም የምትሰጠውን ኃይል ቆርጠህ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መልስ» የሚል ትእዛዝ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ኤንዩቲ የሚባለው ሶፍትዌር ያደርገዋል፣ ዩፒኤሱ ግን ትእዛዙን የሚቀበል ዓይነት መሆን አለበት።

እኔ ግን ለእንደዚህ ያለ ቦታ ዩፒኤሱን ትቼ በቀጥታ በ12 ቮልት ባትሪ ነው የምሠራው። ሚኒ ፒሲና ራውተር አንድ ላይ 20 ዋት ቢበሉ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሆነ የሊድ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት አለው። ግማሹን ብቻ ተጠቀም፣ ከዚያ በታች ካወረድከው ዕድሜው ያጥራል። 600 ዋት ሰዓት ለ20 ዋት 30 ሰዓት ነው፣ የሚባክነውን ስትቀንስ አንድ ቀን ሙሉ በለው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከቻልክ ደግሞ ከ2,000 ጊዜ በላይ ሞልቶ ይወርዳል፣ ሙቀቱንም ከሊዱ የተሻለ ይችላል። መብራት ሲኖር ቻርጀር ይሞላዋል፣ ሲጠፋ ማሽኑ መጥፋቱን እንኳ አያውቅም። መብራቱ ሦስቴ አራቴ ብልጭ ድርግም ሲል የሚመታው ቻርጀሩን ነው እንጂ ማሽኑን አይደለም።

ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። የ12 ቮልት ባትሪ ቮልቱ አንድ ቦታ አይቆምም፣ ሲሞላ ከ14 በላይ ይወጣል፣ ሲያልቅ ወደ 11 ይወርዳል። በቀጥታ አትስካ፣ መሐል ቮልቱን የሚያረጋ መቀየሪያ አድርግበት። ሚኒ ፒሲዎቹ ደግሞ ብዙዎቹ 19 ቮልት ገደማ ነው የሚፈልጉት። የራሳቸው ያልሆነ ቻርጀር ሲሰካባቸው ቻርጀሩን አላወቅኩትም ብለው ቁልፍ ተጫኑ የሚሉ ሞዴሎች አሉ። የመምህሩ ኤፍ1 በሌላ በር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ባዮስ ውስጥ ያንን ማስጠንቀቂያ ማጥፋት ይቻላል፣ ሳይጠፋ እንዳይሄድ አደራ።

ስለ መብረቅም ልንገርህ። የኛን የክረምት መብረቅ ታውቀዋለህ። ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው በሜዳ ላይ የኔትወርክ ገመድ አትዘርጋ። መብረቅ በቅርብ ሲወርድ ያ ረጅም መዳብ ኮረንቲውን ተሸክሞ ቀጥታ ማሽኑ ውስጥ ያስገባዋል፣ ዩፒኤስ ምንም አያድንህም። ሕንፃ ለሕንፃ በዋይፋይ ወይም በፋይበር አገናኝ። ምድር ውስጥ የሚገባውን የኤርዝ ዘንግ ደግሞ እርጥበት በማይጠፋበት ቦታ፣ የጣሪያ ውኃ በሚወርድበት በኩል አስቀብረው። ብዙ ትምህርት ቤት ሶኬቱ የኤርዝ ቀዳዳ አለው፣ ከኋላው ግን ሽቦ የለም። ከፍተህ እይ።

የብቸናው መምህር፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ። ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈተው ቀን ነው። ማታ ማታ ማሽኑ ቢጠፋ ባትሪውን አላተርፍም?

የቡሬዋ፦

ታተርፋለህ። 20 ዋት ለ24 ሰዓት 480 ዋት ሰዓት ነው፣ ለ10 ሰዓት ግን 200 ብቻ። የቢሮ ማሽኖች ባዮስ ውስጥ በየቀኑ በዚህ ሰዓት ተነሣ የሚል ምርጫ አላቸው። ማታ ሊኑክሱ ራሱን ይዝጋ፣ ጠዋት ባዮሱ ያስነሣው። ግን ተጠንቀቅ፣ ባዮሱ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ብለህ 1 ካስገባህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይነሣብሃል። 7 ነው የምታስገባው። አንድ ደንበኛዬ ትምህርት ቤት ለሁለት ሳምንት ማሽኑ ሌሊት ሲሠራ፣ ልጆቹ ሲገቡ ባትሪው ሲያልቅ ምክንያቱን አጥተን ነበር፣ በመጨረሻ ይሄው ሆኖ ተገኘ።

ከዳንግላ፦

ሁለት ማሽን ከአንድ ትልቅ ይሻላል ያላችሁት ለዚህ ሥራ ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ዘበኛውን አትርሳ። ሰው የለም ስንል ባለሙያ የለም ማለታችን ነው እንጂ ትምህርት ቤት ዘበኛ አለው። አንድ ነገር ብቻ አስተምረው፦ አረንጓዴዋ መብራት ከጠፋች ይሄን ገመድ ንቀል፣ እስከ ሃምሳ ቁጠር፣ መልሰህ ሰካ፣ ከዚያ ደውልልኝ። የሚነቀለው ገመድ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰርበት። ሌላውን ሁሉ ሳጥን ውስጥ ቆልፈው።

የብቸናው መምህር፦

ሰላም፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሼ ነው። የመከራችሁኝን አድርጌ ስለነበር ውጤቱን መንገር ግዴታዬ መሰለኝ።

አራት አንድ ዓይነት ያገለገሉ ሚኒ ፒሲዎች ከመርካቶ አስመጣሁ። አራቱንም የሳንቲም ባትሪ ቀየርኩ። ከአራቱ ሁለቱ ባትሪያቸው ሞቶ ነበር፣ ሻጩ ጋ ግን ሶኬት ላይ ስለነበሩ አይታወቅም። አንዱ ሜምቴስት ላይ ወደቀ፣ ራሙን ቀየሩልኝ። ቤቴ ሳሎን ውስጥ አራቱንም ደርድሬ ለአንድ ወር በቀን ሦስት ጊዜ ነቅዬ እሰካ ነበር። ልጆቼ ተራ ይዘው ይነቅሉልኝ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንዱ ሳይነሣ ቀረ። ስክሪን ስሰካበት ያው የቻርጀሩ ማስጠንቀቂያ ነበር። የቡሬዋ እህቴ ባትነግረኝ ኖሮ ቆላው ላይ ነበር የማገኘው።

ክረምቱ አለፈ። ደጋው ላይ መብራት አንድ ጊዜ ለዘጠኝ ቀን ጠፍቶ ነበር፣ ባትሪው አልቆ ማሽኑም ጠፋ። አሥረኛው ቀን ላይ ተነሣ። ማንም አልነካውም፣ ከመዝገቡ ላይ ነው ያወቅኩት። ቆላው ላይ ዘበኛው ጋሼ አንድ ጊዜ ቀዩን ጨርቅ ነቅለው ሰክተው ደወሉልኝ፣ ሃንግ ያደረገው ራውተሩ ነበር። ዋችዶግ ያደረግኩት ሰርቨሩ ላይ ብቻ ነው፣ ራውተሩን አላሰብኩትም። አሁን ራውተሩን ሌሊት አጥፍታ የምታበራ ትንሽ የሰዓት ማብሪያ ማጥፊያ ፈልጌ ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ የተጠቀማችሁበት አለ?